ከዐሥሩ አንዷ

ጎህ ከቀደደ ብዙም አልቆየም። ቡታጅራ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ፣ ጎጆ ደጃፍ ላይ ጀበናው፣ እንስራውና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቆጮ ተደርድሯል። ልጆቹ ጋቢ እንደተከናነቡ ወጥተው ግንብ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ሁለት ወጣቶች የታጠፈ ነጭ አንሶላ ይዘው ይገቡና ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አልጋው ሥር ሳይቀር፣ አፈር እስከማይታይ ድረስ ያለብሱታል። በርና መስኮቱ ይዘጋል። አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ በጣራው ክፈፍ ዙሪያ፣ ከፓይረትረም አበባ የሚወጣውን መድኃኒት ይረጫሉ። የውጪው ሥራ ሾልካ የምታመልጥ እንዳትኖር ነው። ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ያህል ሁሉም ደጅ ሆኖ ይጠብቃል።

«አንተ ልጅ፣ ቢንቢ ከሆነ የምትፈልገው ማታ ና» ይላሉ ጎረቤት የሆኑ አዛውንት፤ «ያኔ አንሶላም አያስፈልግህ፣ ራሷ ትመጣልሃለች።»

«አባባ፣ እኛ የምንፈልገው ማታ ነክሳዎት የጠገበችውን ነው። አሁን ግድግዳው ላይ ተኝታለች።»

አንሶላው በአራት ጫፉ ተይዞ ወደ ብርሃን ሲወጣ፣ በላዩ ያለው ነገር ለማያውቀው ሰው ጥራጊ ነው፦ የሣር ስብርባሪ፣ ሸረሪት፣ ሁለት ሦስት የቤት ዝንብ፣ አንድ በረሮ። ወጣቶቹ ግን ተንበርክከው በወረንጦ መልቀም ይጀምራሉ። የምትፈለገው ሆዷ በደም የቀላ እንስት ቢንቢ ናት። ወንዱ ጸጉራም በሆነው አንቴናው ይታወቃል፤ ደም ስለማይመጥ ወደ ጎን ይባላል። ከእንስቶቹም መካከል ሌሊት ጆሮ ሥር እያቃጨለች እንቅልፍ የምትነሳው ኪዩሌክስ አለች፤ እሷም የሰው ወባ ስለማታስተላልፍ ወደ ጎን። አኖፌለስን ከኪዩሌክስ ለመለየት የእጅ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የአኖፌለስ እንስት በመውጊያዋ ግራና ቀኝ ያሏት ዳሳሾች የመውጊያዋን ያህል ይረዝማሉ፤ የኪዩሌክሷ ግን አጫጭር ጉቶዎች ናቸው። በሕይወት ከተገኘችማ መነጽሩም ይቀራል፤ አኖፌለስ ግድግዳ ላይ የምታርፈው በአፏ ተደፍታ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው። እጯም እንዲሁ ራሷን ታጋልጣለች። የኪዩሌክስ እጭ በመተንፈሻ ቱቦዋ ከውኃው ገጽ ቁልቁል ስትንጠለጠል፣ ቱቦ የሌላት የአኖፌለስ እጭ በገጹ ላይ አግድም ትተኛለች።

እስከዚህ ያለውን ማንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሥልጠና ይጨብጠዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አኖፌለስ ስንል የአንዲት ቢንቢ ስም እየጠራን አይደለም፤ በዓለም ላይ ከአራት መቶ በላይ ዝርያዎች የያዘ የአንድ ወገን ስም ነው። ወባ የሚያስተላልፉት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

ቡታጅራ ላይ ይህ ነገር በቁጥር ተፈትኗል። ከሐምሌ 2000 እስከ ሰኔ 2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች አበበ አኒሙት፣ ተሾመ ገብረሚካኤልና መሸሻ ባልከው፣ ከኖርዌዩ በርንት ሊንድቼርን ጋር ሆነው፣ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ወደ ጉራጌ ተራሮች በሚወጣው ዳገት ላይ ሦስት መንደሮች መረጡ። ሆቤ 1,817 ሜትር፣ ድራማ 1,995 ሜትር፣ ውሪብ ደግሞ 2,196 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የወንዝ ዳር ኩሬውን፣ ሰው ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ በጭልፋ እየቀዱ እጭ ሰበሰቡ፤ አዋቂዎቹንም ከየቤቱ ያዙ። ለመለየት የሚበቃ ዕድሜ ላይ የደረሱ ወደ 4,000 የሚጠጉ እጮች አንድ በአንድ ሲታዩ ዐሥር ዝርያ ሆነው ተገኙ።

ከዐሥሩ በብዛት የምትመራው አኖፌለስ ሲኔሬውስ ናት፤ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ገደማ ትሆናለች። በጣም ቀርባ የምትከተላት አኖፌለስ አራቢየንሲስ ናት። አኖፌለስ ክሪስቲ እና አኖፌለስ ደሜይሎኒ ቀጥለው ይመጣሉ። የቀሩት ስድስቱ ተደምረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በአካባቢው ዋናዋ የወባ ተሸካሚ ሁለተኛዋ፣ አራቢየንሲስ ናት። ሌሎቹ ብዙዎቹ ከሰው ይልቅ ከብት የሚመርጡ፣ በወባ ስርጭት እምብዛም ድርሻ የሌላቸው ናቸው። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ አራቢየንሲስ እየሳሳች ትሄዳለች።

ይህን ለአንድ የወረዳ ጤና ባለሙያ ጠረጴዛ እናቅርበው። ውሪብ ላይ «አኖፌለስ በዛ» የሚል ሪፖርት ቢመጣ ምን ያድርግ? ዝርያው ካልተለየ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ላሞቹን የሚነክሱ ቢንቢዎች በዝተው ሊሆን ይችላል። ሆቤ ላይ ደግሞ «ያው እንዳምናው ነው» የሚል ሪፖርት ቢመጣ፣ ድምሩ ሳይነቃነቅ በውስጡ የአራቢየንሲስ ድርሻ እጥፍ አድጎ ሊሆን ይችላል። ርጭቱ፣ አጎበሩ፣ የሰው ጉልበቱ የሚመደበው በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው።

የቡታጅራ ሰው «ወባ የቆላ ነው» የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ እንደማይይዝ ያውቃል። አገሪቱም ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ያን ጊዜ የተመቱት በአብዛኛው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያሉ፣ ሕዝባቸው በሽታውን ያልለመደ ወይናደጋዎች ነበሩ። ድራማና መሰሎቿ በዚህ ከፍታ ውስጥ ይወድቃሉ። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተወለደው፣ የልደትና የሞት መዝገብ እየያዘ አካባቢውን በአገሪቱ ደህና ከተጠኑት ሥፍራዎች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የቢንቢው ጥናት ባዶ መሬት ላይ አላረፈም።

እንዴት ነው ዝርያው የሚለየው? መሣሪያው ማይክሮስኮፕና መለያ ቁልፍ የሚባለው ጽሑፍ ነው። ለኢትዮጵያ አኖፌለሶች ቬሮኔ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 ያዘጋጀው ቁልፍ ዛሬም ድረስ በጥናት ወረቀቶች ላይ ይጠቀሳል። ቁልፉ ጥንድ ጥንድ ጥያቄ ነው። የኋላ እግሯ ጫፍ ጨርሶ ነጭ ነው ወይስ አይደለም? ነጭ ከሆነ ወደ ኩስታኒ ወገን ሂድ። ሆዷ ግራና ቀኝ የቅርፊት ጉንጉን ወጥቷል? ፋሮኤንሲስ ናት። እግሯ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው? የጋምቢያይ ወገን ናት። እያንዳንዱ መልስ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይመራል፤ አንዱን የሳተ የኋላውን ሁሉ ይስታል። ምልክቶቹ የተጻፉት በክንፍና በእግር ላይ ባሉ፣ በጣት ሲነኩ በሚረግፉ ደቃቃ ቅርፊቶች ነው። ስለዚህ ያ ጎህ ሲቀድ አንሶላ ላይ የተንበረከከ ወጣት ወረንጦውን ጠበቅ ካደረገ፣ ላቦራቶሪ ያለው ዶክተር ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ቢንቢዋ ስሟን ጥላ መጥታለች።

ማይክሮስኮፕም የሚያቆምበት ቦታ አለ። የጋምቢያይ ወገን የሚባሉት እኅትማማች ዝርያዎች በመልክ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው በዘረመል ብቻ ነው። አንድ እግር ተቆርጣ ትፈጭና፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በሚሠራበት የፒሲአር ምርመራ ማንነቷ ይነበባል። የኢትዮጵያን ጉዳይ የተለየ የሚያደርገው ይህ ወገን እዚሁ አገር ውስጥ የራሱ ልጅ ያለው መሆኑ ነው። ከጉራጌዋ ወልቂጤ በሚቀጥለው መንገድ መጨረሻ፣ ጅማ አካባቢ የተገኘችው ከብት ነካሽ ቢንቢ ለረጅም ጊዜ የደቡብ አፍሪካዋ ኳድሪአኑላተስ ተደርጋ ትቆጠር ነበር። ሁለቱን አዳቅለው ሲያዩአቸው ወንዶቹ ልጆች መካን ሆኑ። የተለያየ ዝርያ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ፤ ሙሉ ስሟን፣ አኖፌለስ አምሃሪከስን፣ ያገኘችው ግን በ2013 ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ፊደል እንጂ ስም አልነበራትም፤ «ኳድሪአኑላተስ ቢ» ነበር የምትባለው።

ቁልፍ በውስጡ የሌለውን አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ የደቡብ እስያና የአረብ አገሮች ቢንቢ ተገኘች። በ1962 የተዘጋጀ የኢትዮጵያ መለያ ይህችን እንግዳ ሊያውቃት አይችልም። ጠያቂው ከጥንዶቹ አንዱን እየመረጠ ሲወርድ ወደ አንዷ የአገር ቤት ቢንቢ ይገባና እዚያ ይቀራል። የታወቀችው በዘረመል ምርመራ ነው። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች ሲፈለግ በብዙ ቦታ ተገኘች። ያን ፍለጋ ከመሩት አንዱ ቡታጅራ ላይ እጭ ሲቆጥሩ የነበሩት መሸሻ ባልከው ናቸው። ስቴፈንሲ እንደ አራቢየንሲስ የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋ ወራት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ በየሠፈሩ ሕንፃ የሚቆምባቸው፣ በየሕንፃው ሥር የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርባቸው፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው በርሜል የሚሞላባቸው ከተሞች ናቸው። የእሷን ዳሳሽ ከአራቢየንሲስ ዳሳሽ ለይቶ የሚያይ፣ ነጭ ነጠብጣቡንና ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ሰፋፊ ነጭ ቀለበቶች የሚያውቅ አንድ ቴክኒሻን ለእነዚህ ከተሞች ከአንድ መኪና መድኃኒት ይበልጥባቸዋል ባይ ነኝ። ለመኪናው ግን በጀት አይጠፋም።

አመድ የመሰለው

ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚወስደው አቅጣጫ፣ የመንደሩን ሰፊ ጎዳና፣ ጀፎረውን፣ ተከትለው ከተሠሩት ቤቶች ጀርባ ሁሉ የእንሰት ጓሮ አለ። እዚህ ያለች አንዲት እናት የጓሮዋን እንሰት እየዞረች ስትጠራ መስማት የዝርያ ምደባ ትምህርት ቤት መግባት ነው። ይሄ አጋዴ፣ ያ ጓርዬ፣ ያኛው አስታራ፣ እያለች ትቀጥላለች። የቅጠሉን መሐል ጅማት ቀለም፣ የግንዱን ጥቁር ዥጉርጉርነት፣ የቅጠሉን አቋቋም አይታ ነው። የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው ጥሩ ቡላ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚቀቀል ታውቃለች። የማያሳፍር ዕውቀት ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም የእንሰትን ዓይነቶች የመዘገቡት በአብዛኛው ከእንዲህ ያሉ ሴቶች አፍ ሰምተው ነው።

ሥር ውስጥ ያለውን ተባይ ግን ማንም በዚህ ጥራት አይለየውም፤ አይታይማ። እንሰቱ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ይደርቃል፣ በጉልበት ገፋ ሲደረግ በቀላሉ ይነቀላል። የተነቀለው ሥር ላይ አመድ የተነሰነሰ ይመስላል።

«ሻጋታ ነው፣ ልጄ፤ መሬቱ ውኃ ስለያዘ።»

የግብርና ባለሙያው ከሥሩ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያኖረዋል። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱና ይዩት።» ነጩ ነጠብጣብ እግር አውጥቶ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከሥሩ አፈር ውስጥ ደግሞ ጉንዳኖች እየተራወጡ ነው።

ይህ የእንሰት ሥር ሚሊበግ ነው። ሞላላ፣ ክንፍ የሌላት፣ ሰውነቷን በነጭ ሰም ዱቄት የምትሸፍን፣ መውጊያዋን ሥሩና መሬት ውስጥ ባለው አምቾ ላይ ተክላ ጭማቂ የምትመጥ ነፍሳት ናት። ጉንዳኖቹ ጠላቶቿ አይደሉም። ከእሷ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ፣ በምላሹም ይጠብቋታል። አብረዋት ሲታዩ ገበሬው ብዙ ጊዜ «ጉንዳን ነው የበላው» ይላል። ይህም ሁለተኛው የማንነት ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉም ይከፋል። የእንሰት አጠውላጊ በሽታም ቅጠል ያጠወልጋል፣ ያደርቃል። ያ ግን ባክቴሪያ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስታወቁት። የሚተላለፈው በተበከለ ቢላዋና በመሣሪያ ስለሆነ መፍትሔው የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት ነው። ሚሊበግ ቢላዋ አያውቃትም። የምትጓዘው ከቦታ ቦታ በሚወሰድ የእንሰት ችግኝ ሥር ላይ ተጣብቃ ነው፤ ገበያ ላይ፣ በጉርብትና ስጦታ፣ በጋብቻ ዝምድና። መፍትሔዋም ስለዚህ የሚጀምረው ሳይተከል የችግኙን ሥር ገልጦ በማየት ነው። ቅጠል ላይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ኪሱንና ንቡን ይጎዳ እንደሆን እንጂ ሥር ውስጥ ያለችውን አይነካትም። የሁለቱ ችግሮች ምልክት ከመንገድ ሲታይ አንድ ነው፤ ዶማ ያነሣ ሰው ብቻ ነው የሚለያቸው።

የዚህች ነፍሳት ስም ታሪክ ራሱ ይነገራል። ጸደቀ አባተ የጌዴኦዋ ወናጎ ላይ መገኘቷን የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ያኔ የወገን ስም እንጂ የራሷ ስም አልነበራትም። ስሙን የሰጧት የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለሙያ ዳግላስ ዊሊያምስና የፓሪሷ ዳኒየል ማቲል-ፌሬሮ በ1999 ናቸው፦ ካቴኖኮከስ እንሰቴ። እንሰት በሳይንሱ ስም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህ መዘግየት ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሚሊበግ በደረቁ አይለይም። አዋቂዋ እንስት በፖታሽ ውሑድ ውስጥ ተዘፍዝፋ የውስጥ አካሏ ሟሙቶ ይወጣል፤ የቀረው ስስ ቆዳ በቀይ ቀለም ይነከርና መስታወት ላይ ተዘርግቶ በሙጫ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ነው የቆዳው ቀዳዳዎች፣ የሰም ቱቦዎችና የጸጉር አቀማመጥ በማይክሮስኮፕ የሚቆጠሩት። አንድ ሰው ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዓለም ላይም ይህን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው።

ሌላው ሥራ የመጣው ከስሙ በኋላ ነው። ተመስገን አዲስ፣ ፈርዱ አዘረፈኝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት የነፍሳቷን የሕይወት ዑደትና በደቡብ ኢትዮጵያ ያላትን ስርጭት አጠና። የትኛው ጥልቀት ላይ እንደምትበዛ፣ ከግንዱ ምን ያህል እንደምትርቅ ተለካ። የችግኙን አምቾ ፈላ ባለ ውኃ ለጥቂት ሰከንዶች ነክሮ ማውጣትም ተሞከረ። ተመራማሪ «ይህችው ናት» ማለት ሲችል ነው ከደቡቡ አማሮ የተገኘውን ውጤት ለጉራጌ የሚያውለው። ያለዚያ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን «ነጭ ትል» እየታገለ ይኖራል።

የጊቤ ቁልቁለት

ከወልቂጤ የጅማውን መንገድ ይዞ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ፣ ቁጥቋጦው እየተጠጋጋ ይሄዳል። ወደ ጊቤ ወንዝ ሲቃረቡ የከብት ጉዳይ የሚነግሥበት አገር ነው፤ በሬዎቹ ገንዲ በሚባለው በሽታ ይመነምናሉ። ገንዲን የምታመጣው ቆላ ዝንብ ናት።

ስለዚህች ዝንብ ነው የሚባል በአውሮፓ የተጻፈ ቀደምት ወሬ ከኢትዮጵያ ሄዷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከብት የሚፈጅ አንድ ዝንብ ሥዕሉን ጭምር አውጥቶ «ዚምብ» ብሎ አቀረበው። የአገሩ ሰዎች በተለመደው ስም «ዝንብ» ብለው ነገሩት፤ እሱም እንደ ዝርያ ስም ይዞት ሄደ። ያቺ ቆላ ዝንብ ትሁን ወይም ሌላ ደም መጣጭ፣ የኋላ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ሥዕሉ አይፈርድም፣ ናሙናም አልቀረም። እኔ ብሩስን ብዙም አልፈርድበትም። ናሙና ሳይዙ መመስከር ዛሬም የተለመደ ነው።

ቆላ ዝንብ ስትያዝ ግን አትምታታም። ስታርፍ ሁለቱን ክንፎቿን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ ትደርባለች፤ የቤት ዝንብ ክንፏን ወደ ጎን ከፈት አድርጋ ትተዋለች። መውጊያዋ ወደ ፊት ይቀሰራል። ክንፏን ወደ ብርሃን አድርጎ ላየ፣ መሐሉ ላይ የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል አለ፤ ይህ በሌላ ዝንብ አይገኝም። እንቁላል አትጥልም። አንድ እጭ በሆዷ አሳድጋ ነው የምትወልደው፤ ስለዚህ ዘሯ በዝግታ ነው የሚበዛው።

ጊቤ ላይ ዝርያዋ አንድ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል፣ ያኔ ኢልካ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሸለቆው ባደረገው ረጅም ጥናት ሦስት ዝርያ ተከታትሏል፦ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ የምትወደው ፓሊዲፔስ፣ የሣር ምድር የምትመርጠው ሞርሲታንስ፣ ከወንዝ ዳር ዛፍ የማትርቀው ፉስኪፔስ። በኢትዮጵያ በሙሉ አምስት ናቸው። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የተዘረጋበት፣ አጠገቡ አሴቶንና የላም ሽንት የተቀመጠበት ወጥመድ ፓሊዲፔስን በብዛት ይስባል፤ ፉስኪፔስ ግን ለዚያ ሽታ ያን ያህል ደንታ የላትም። ወጥመዱ ባዶ ቢገኝ ዝንብ የለም ማለት አይደለም፤ ያ ዝርያ የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

የዝርያ ስም ክብደት ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በመካን ወንድ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ በተቋቋመው ማራቢያ፣ የደቡብ ስምጥ ሸለቆን ቆላ ዝንብ ለማጥፋት ታስቦ፣ ወንድ ፓሊዲፔሶች ተራብተው በጨረር መካን ይደረጉና ወደ ሜዳ ይለቀቁ ነበር። ሴቷ ከመካኑ ጋር ከተገናኘች ልጅ አይኖራትም። ግን ወንዱ የሚፈልገው የራሱን ዝርያ እንስት ብቻ ነው። ፉስኪፔስ በበዛበት ወንዝ ዳር በአውሮፕላን ፓሊዲፔስ ቢለቀቅ፣ ገንዘቡ በአየር ላይ ተበተነ ማለት ነው።

ንብስ?

ሳይንሱም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ልብ የለውም። የጉራጌ ደጋ ማር ይታወቃል፤ ማሩን የምትሠራው ንብ ግን ማን ናት ቢባል ሁለት መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 አምሳሉ በዛብህ፣ ኑሩ አድጋባና የደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ከአገሪቱ ብዙ ቦታ የተሰበሰቡ ንቦችን የአካል ክፍሎች ለክተው የኢትዮጵያ ንብ አምስት ንዑስ ዝርያ ነው አሉ። በ2011 ደግሞ ማይክስነርና ተባባሪዎቿ የራሳቸውን ልኬትና ዘረመል ይዘው፣ አይደለም፣ ከፍ ያለውን የኢትዮጵያ ምድር የያዘችው አንዲት ለብቻዋ የሆነች ንዑስ ዝርያ ናት ብለው በሰሜን ተራሮች ስም ሲሜንሲስ አሏት። የተለኩት ያው ንቦች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የተለያየው የማነጻጸሪያው መዝገብ ነው። ንብ አናቢ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አይቸኩልም፤ ቀፎውን ከቆላ ወደ ደጋ ሲያወጣ ንቧ ጠባይዋን እንደምትለውጥ ቀድሞ ያውቃል።

ያን ክርክር የሚፈታው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መርፌ ላይ የተሰካ ናሙናና ከሥሩ ያለች የጥፍር ያህል ወረቀት። ወረቀቷ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። ያለዚህች ወረቀት ቢራቢሮ ጌጥ ነው። አዲስ አበባ አራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና አምቦ ያለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል እንዲህ ያሉ ሳጥኖች አሏቸው። ክሮው፣ ታደሰ ገብረመድኅንና ጸደቀ አባተ እ.ኤ.አ. በ1977 ያዘጋጁት የኢትዮጵያ የሰብል ተባዮች ዝርዝርም በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ የቆመ ነው። ጉብሬ ላይ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ በየዓመቱ ለኮርሱ የሚሰበስበው ነፍሳት ፈተናው ሲያልቅ ወደ ቅርጫት ከሚሄድ እንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ቢገባ፣ በዐሥር ዓመት ለዞኑ የሚተርፍ መዝገብ ይወጣው ነበር። የሚጠይቀው ናፍታሊን፣ እንጨትና ትዕግሥት ነው።

ሁሉም መለያ ግን ላቦራቶሪ አይፈልግም። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ምዕራብ በኩል የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በጥቂት ወራት የደቡብና የምዕራብ በቆሎን ሲያዳርስ፣ ብዙው ገበሬ ድሮ የሚያውቀው ተምች ነው ብሎ ነበር። የድሮው ተምች በጭፍራ መጥቶ ሣሩንና ጤፉን አጭዶ ያልፋል። መጤው የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ፣ በኩሱ ራሱን ደፍኖ፣ በድብቅ ይበላል። ከላይ የተረጨ መድኃኒት አይደርስበትም፤ ካደገ በኋላማ ከናካቴው አይደርስበትም። ስለዚህ መታወቅ ያለበት ገና በትንሽነቱ ነው፣ የታወቀ ዕለትም እጅ መሥራት አለበት።

ወልቂጤ አጠገብ ባለው አበሽጌ ወረዳ፣ የበቆሎ ማሳ መሐል ገበሬው የተጠቀለለውን እምብርት ቅጠል ይተረትርና ትሉን በሁለት ጣቱ ይይዘዋል።

«ግንባሩን ይዩ» ይላል የልማት ሠራተኛው፤ «የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል ተገልብጦ የተጻፈ አይመስልም?»

«እኔ እንግሊዝኛ የት ተማርኩ።»

«እሺ፣ ይተዉት። ከጭራው ሁለተኛዋ ቀለበት ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች ይቁጠሩ።»

«አራት።»

«በመስመር ናቸው ወይስ በአራት ማዕዘን?»

«በአራት ማዕዘን።»

«እንግዲያው የእኛው አይደለም። ልጆቹን ይጥሯቸው፤ ዛሬ ማታ ፀሐይ ስትበርድ እየለቀምን እንገድላለን፣ የቀረውን ዓርብ እናየዋለን።»